ቅርቡን ማየት ሲያቅት

በአንዲት የገጠር አጥቢያ በምናካሂደው የጎልማሶች ትምህርት ክፍል፣ ዕድሜአቸው 50 የሚጠጋ አንዲት እናት ይማሩ ነበር። በጥቁር ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ከክፍሉ ሁሉ ቀድመው ያነባሉ። የንባብ መጽሐፉን በእጃቸው ስንሰጣቸው ግን ዝም ይላሉ፣ ወይም «እርስዋ ታንብብ» ብለው አጠገባቸው ለተቀመጠችው ልጅ ያሳልፉታል። ከሁለት ወር በኋላ ከክፍል ቀሩ። እኛም በመዝገባችን ላይ «ፍላጎት ስለሌላቸው አቋርጠዋል» ብለን ጻፍን።

ከጊዜ በኋላ ለጥየቃ ቤታቸው ሄድን። ለምን እንደ ቀሩ ስንጠይቃቸው «ልጆቼ፣ ያረጀ ጭንቅላት ፊደል አይዝም። ይልቅ ወጣቶቹን አስተምሩ» አሉን። በዚያ ሰዓት ምስር እየለቀሙ ነበር። ሰፌዱን እንደ ልማዱ ከጉልበታቸው ላይ አላደረጉትም፤ ደጅ ፀሐይ ላይ አውጥተው ከመሬት አስቀምጠውታል። እርሳቸውም በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ራሳቸውን ወደ ኋላ ሳብ አድርገው፣ ክንዳቸውን ዘርግተው ነው የሚለቅሙት። እንዲያም ሆኖ ጠጠሩን የሚያገኙት በዓይናቸው ሳይሆን በጣታቸው እየዳሰሱ ነበር። ነገሩ የገባን ያን ጊዜ ነው። ሰሌዳው ሩቅ ስለ ሆነ ይታያቸዋል፤ መጽሐፉ ቅርብ ስለ ሆነ አይታያቸውም። እኛ የፍላጎት ማነስ ብለን የመዘገብነው የዓይን ነገር ኖሮአል።

ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው እንዲህ ያለው ስሕተት በእኛ ዘንድ ብቻ የተፈጸመ ስላልመሰለን ነው። በአጥቢያዎቻችንና በፕሮጀክቶቻችን ውስጥ ከ40 ዓመት በላይ የሆኑ ወገኖች ብዙ ናቸው። ከእነርሱም መካከል ማንበብ የተዉ፣ ጥልፍ የተዉ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ማስተማር የተዉ አሉ። አብዛኛዎቹ ምክንያቱን አይናገሩም፤ ቢናገሩም «ደከመኝ» ይላሉ።

በመጀመሪያ የዓይንን አሠራር በአጭሩ እንመልከት። ዓይናችን አንድን ነገር አጥርቶ የሚያየው፣ ከዚያ ነገር የሚመጣው ብርሃን በዓይን ውስጠኛው ግድግዳ ላይ በትክክል ሲያርፍ ነው። ብርሃኑን በብዛት የሚሰበስበው ከፊት ያለው ኮርንያ የሚባለው ጥርት ያለ ሽፋን ነው። የቀረውን የሚያስተካክለው ከዓይን ብሌን በስተ ኋላ የሚገኘው ሌንስ ነው። ይህ ሌንስ ቀለበት በመሰለ ጡንቻ መካከል በቀጫጭን ክሮች ተወጥሮ ይገኛል። ሩቅ ስናይ ጡንቻው ያርፋል፣ ክሮቹም ሌንሱን ወጥረው ጠፍጠፍ ያደርጉታል። ዓይናችንን ከተራራው ወደ እጃችን መዳፍ ስንመልስ ግን ጡንቻው ይኮማተራል፣ ክሮቹ ይላላሉ፣ ሌንሱም ሰብሰብ ብሎ ክብ ይሆናል፤ የማጉላት ኃይሉም ይጨምራል። ይህ ሁሉ እኛ ሳናስበው ከዓይን ጥቅሻ ባልዘገየ ጊዜ ውስጥ ይፈጸማል።

እንግዲህ ችግሩ ያለው በዚሁ ሌንስ ላይ ነው። ሌንሱ በልጅነት ለስላሳና ተለጣጭ ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ ግን እየጠነከረ ይሄዳል። ጡንቻው ቢኮማተርም ሌንሱ እንደ ቀድሞው ሰብሰብ አይልለትም። የ10 ዓመት ልጅ ከዓይኑ 7 ወይም 8 ሳንቲ ሜትር ብቻ የራቀን ነገር አጥርቶ ማየት ይችላል። በ40 ዓመት ይህ ርቀት ወደ 20 ወይም 25 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ በ50 ዓመት ግማሽ ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ በ60 ዓመት ወደ አንድ ሜትር ይጠጋል። አንድ ሜትር አርቆ መጽሐፍ የሚይዝበት ክንድ ያለው ሰው ደግሞ የለም።

ሐኪሞች ይህን ፕሬስባዮፒያ ይሉታል። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሆኖ የሽማግሌ ዓይን እንደ ማለት ነው። በአዲስ ኪዳን የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የሚጠራበት ፕሬስቢቴሮስ የሚለው ቃልም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። ስለዚህ ሽማግሌዎቻችን ሹመቱንና የዓይኑን ነገር አንድ ላይ ቢቀበሉ አያስደንቅም። በሽታ አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ በኩራዝ ብርሃን ብዙ በማንበብም አይመጣም። ጠጉር እንደሚሸብት ሁሉ ለሁሉም የሚደርስ ነው።

ስለ ኩራዙ ግን አንድ ነገር መጨመር ይገባል። ኩራዝ ዓይንን ባያረጀውም የደከመውን ዓይን ድካም ይገልጠዋል። ብርሃን ሲያንስ የዓይን ብሌን ይሰፋል፣ ያን ጊዜ ብዥታው ይጨምራል፤ ብርሃን ሲበዛ ብሌኑ ይጠብባል፣ ብዥታውም ይቀንሳል። እኒያ እናት ምስሩን ደጅ ያወጡት ስለዚህ ነው። ብዙዎች ቀን በበራፍ ተቀምጠው ያነቡና ማታ በጸሎት ስብሰባ ላይ «አንብቡ» ሲባሉ የሚያፈገፍጉትም ከዚሁ የተነሣ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ስለ ዓይን ጤና ባወጣው ዘገባ ላይ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. በዓለም 1.8 ቢሊዮን ሰዎች ይህ የዕድሜ ለውጥ እንደ ደረሰባቸው ተገምቶአል። ከእነርሱም 826 ሚሊዮን የሚሆኑት ተስማሚ መነጽር ባለማግኘታቸው ቅርቡን ለማየት የተቸገሩ ናቸው። መድኃኒቱ ቀዶ ሕክምና ወይም ውድ መሣሪያ ቢሆን ኖሮ ቍጥሩ ባላስገረመን ነበር። ነገር ግን የሚያስፈልገው ተራ የንባብ መነጽር ነው። የንባብ መነጽር የተሠራው በ13ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በጣሊያን አገር ሲሆን፣ ስለ እርሱ ከሚናገሩት ቀደምት ማስረጃዎች አንዱ በ1306 እ.ኤ.አ. በፍሎረንስ ከተማ የተሰበከ ስብከት ነው። ሰባኪው ጆርዳኖ የተባለ መነኵሴ ነበር፤ ይህ ጥበብ ከተገኘ ገና 20 ዓመት እንዳልሞላው ለምእመናኑ በደስታ ነግሮአቸዋል። ከዚያ ስብከት እስከ ዛሬ ከ700 ዓመት በላይ አልፎአል።

አንዳንድ ደጋፊዎቻችን «ረሀብና ጥማት ባለበት አገር መነጽር ቅንጦት አይደለምን?» ብለው ይጠይቁን ይሆናል። እኛም ቀድሞ እንደዚሁ እናስብ ነበር። አሳባችንን ካስለወጡን ነገሮች መካከል በሥራ ላይ ባሉ ሰዎች የተደረጉ ሁለት ጥናቶች ይገኛሉ። አንደኛው በሕንድ አገር በአሳም ግዛት፣ ዕድሜአቸው 40 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆነ 751 የሻይ ቅጠል ለቃሚዎች ላይ ተደርጎ በ2018 እ.ኤ.አ. ታትሞአል። ግማሾቹ የቅርብ መነጽር ተሰጣቸው፤ ግማሾቹ ጥናቱ እስኪያልቅ ድረስ ቆዩ። መነጽር ያገኙት በቀን የሚለቅሙት ቅጠል ካላገኙት ይልቅ በ22 በመቶ ገደማ የበለጠ ጭማሪ አሳየ። ሁለተኛው በባንግላዴሽ ገጠር በ824 ሰዎች ላይ የተደረገና በ2024 እ.ኤ.አ. የታተመ ነው። እዚያ ደግሞ ከስምንት ወር በኋላ መነጽር የተሰጣቸው ሰዎች የወር ገቢ ካልተሰጣቸው በ33 በመቶ ገደማ በልጦ ተገኘ፤ ይኸውም በዶላር 35 የነበረው ወደ 47 ከፍ አለ። መሬት አልተጨመረላቸውም፣ ብድርም አልተሰጣቸውም።

የእኛን አገር ቡና ለቃሚ እናቶች፣ ሸማኔውን፣ ጥልፍ ሠሪዋን፣ ልብስ ሰፊውን አስቡ። የፀረ ተባይ መድኃኒት ጠርሙስ ላይ የተጻፈውን መጠን ማንበብ የማይችለውን ገበሬ፣ በመርፌ ላይ ያለውን ስንጥር ቍጥር በግምት የምታየውን ጤና ሠራተኛ አስቡ። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወጣት ሆነው ፊደል የቈጠሩትም ዛሬ 60 ዓመት አልፎአቸዋል። ብዙዎቹ «ያኔ ተምሬ ነበር፤ ረስቼዋለሁ» ይላሉ። በእርግጥ የረሱ አሉ። ይሁን እንጂ ከመካከላቸው ዓይናቸው ብቻ የከለከላቸው ስንት እንደሆኑ መነጽር ሳያደርጉ ማወቅ አይቻልም።

አሁን በአጥቢያዎቻችን ስለሚነገሩ ጥቂት ነገሮች ግልጽ እናድርግ። «መነጽር ዓይንን ያሰንፋል፤ አንዴ ካደረጉት መተው አይቻልም» ይባላል። እውነት አይደለም። ሌንሱ መነጽር ቢደረግም ባይደረግም ዕድሜውን ተከትሎ ይጠነክራል። መነጽሩን ያደረገ ሰው አጥርቶ ማየትን ስለ ለመደ፣ ሲያወልቀው የቀድሞው ብዥታ ይከብደዋል፤ ይህንንም ዓይኔን አሰነፈኝ ብሎ ይተረጕመዋል። በየጥቂት ዓመቱ ከፍ ያለ ቍጥር ማስፈለጉም የዕድሜ እንጂ የመነጽሩ ጥፋት አይደለም። ወደ 60 ዓመት ግድም ለውጡ ይረጋጋል።

ሌላው ነገር ከእምነታችን ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ በጥንቃቄ እንናገራለን። ለዓይናቸው ተጸልዮላቸው መነጽራቸውን የጣሉ ወገኖች አጋጥመውናል። እግዚአብሔር እንደሚፈውስ እናምናለን፣ እንጸልያለንም። ነገር ግን ቅዱሳት መጻሕፍት የይስሐቅን፣ የያዕቆብንና የካህኑን የዔሊን ዓይን መፍዘዝ ሲነግሩን እምነት አጥተው ነው አይሉም። የሙሴ ዓይን በ120 ዓመቱ አለመፍዘዙ ተለይቶ የተጻፈውም እንዲህ ያለው ነገር በሰው ሁሉ ላይ የሚታይ ስላልሆነ ነው ብለን እናስባለን። መነጽር የሚያደርግ ሽማግሌ እምነቱ ጎድሎ ሳይሆን ቃሉን ማንበብ ፈልጎ ነው።

በዚህ ረገድ አንድ የሚያሳስበን ጕዳይ አለ። ዕድሜአቸው 60 ወይም 70 የሆነ አንድ ሰው ለዓመታት ያለ መነጽር ማንበብ ተስኖአቸው ቆይተው፣ ድንገት ያለ መነጽር ማንበብ ይጀምራሉ። ቤተ ሰቡ ይደሰታል፤ በጉባኤም ምስክርነት ይሰጣል። ምስጋናን ልንከለክል አንደፍርም። ሆኖም ይህ ነገር ብዙ ጊዜ የዓይን ሞራ መጀመሪያ ምልክት መሆኑን የዓይን ሐኪሞች ያውቁታል። ሞራው ሌንሱን ከመሐሉ ሲያጠነክረው የሌንሱ ኃይል ይጨምራል፤ ስለዚህ ቅርቡ ለጊዜው ይጠራል፣ ሩቁ ግን ይደበዝዛል። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ሁለቱም ይጠፋሉ። እንዲህ ያለ ምስክርነት ስትሰሙ ከጸሎቱ ጋር ወደ ዓይን ሐኪም መውሰዱን አትርሱ። የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ይድናል።

ቅርቡን ለማየት የሚቸገሩት በዕድሜ የገፉት ብቻ አይደሉም። አንዳንድ ሕፃናት የዓይናቸው ኳስ አጠር ብሎ ይወለዳሉ፤ ይህም ሃይፐሮፒያ ይባላል። ልጁ ለስላሳ ሌንሱን ያለ ዕረፍት እያስጨነቀ ሊያይ ይችላል፤ ስለዚህ በሩቅ ሰሌዳ ሲፈተን ደኅና ነው ይባላል። ነገር ግን ሲያነብ ራሱን ያመዋል፣ ዓይኑ ያለቅሳል፣ ከጥቂት መስመር በኋላ መጽሐፉን ይዘጋል። መምህሩም «ሰነፍ» ይለዋል። ችግሩ ከበረታ የልጁ አንድ ዓይን ወደ አፍንጫው መሸፈፍ ይጀምራል። ያን ጊዜ መዘግየት አይገባም፤ አእምሮ ያንን ዓይን መጠቀም ከተወ በኋላ በጎልማሳነት መነጽር ቢደረግ ማየቱ ላይመለስ ይችላል። ለሕፃናት ግን ከሣጥናችን ያለውን መነጽር ፈጽሞ አንሰጥም። ሕፃን በባለሙያ ብቻ መመርመር አለበት። በጎንደር ዩኒቨርሲቲና በሌሎችም የሚሠለጥኑት ኦፕቶሜትሪስቶች ሥራቸው ይኸው ነው።

የፕሮጀክት ሠራተኞች በየጣቢያችሁ ምን ልታደርጉ እንደምትችሉ ደግሞ እንግለጽ። ሰውየውን ወደ ብርሃን አውጡትና አስቀድማችሁ ዓይኑን ተመልከቱ። ከቀላ፣ የሚያመው ከሆነ፣ ብሌኑ ነጭ ከሆነ፣ ማየቱ በድንገት የቀነሰ ከሆነ፣ ወይም የስኳር በሽታ እንዳለበት ከነገራችሁ መነጽር አትስጡት፤ ወደ ዓይን ክሊኒክ ላኩት። ቀጥሎ አንዱን ዓይን በየተራ አስከድናችሁ ሩቁን ፈትኑ፤ ሩቁ የማይታየው ሰውም ወደ ክሊኒክ ይሂድ። ሩቁ ደኅና ሆኖ ቅርቡ ብቻ ካስቸገረው ነው ወደ መነጽሩ የምንመጣው።

ለፈተናው ማንበብ የሚችል ሰው መጽሐፍ ቅዱሱን በ40 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቀት ይያዝ። ማንበብ የማይችል ሰው ክር በመርፌ ቀዳዳ ያስገባ፣ ወይም ጤፍ ውስጥ እንክርዳድ ይፈልግ። መነጽሩን ከዝቅተኛው ቍጥር ጀምራችሁ አስሞክሩት፤ ሥራውን በደኅና የሚያስችለው ዝቅተኛው ቍጥር የእርሱ ነው። በ40ዎቹ መጀመሪያ ለሚገኝ ሰው ብዙ ጊዜ 1 ይበቃል፣ 50 ሲሆን 2 ገደማ፣ ከ55 በላይ 2.5 ወይም ትንሽ ከፍ ያለ። ይህ ግምት ነው እንጂ ሕግ አይደለም፤ ሰዎች ትልቅ ቍጥር የተሻለ መድኃኒት ይመስላቸውና «ከፍተኛውን ስጡኝ» ይላሉ፣ ኋላ ራሳቸውን ያማቸዋል። ሸማኔ ከእንቅስቃሴው ርቀት የተነሣ ከአንባቢ ያነሰ ቍጥር ሊበቃው ስለሚችል በሸማው ላይ እንጂ በመጽሐፍ ላይ አትፈትኑት። መነጽሩ ለቅርብ ብቻ እንደሆነ፣ አድርገውት ቢሄዱ መሬቱ ከፍና ዝቅ የሚል እንደሚመስላቸው ንገሯቸው። ይህን ሳንናገር ቀርተን አንድ አባት ከደጃፋችን ደረጃ ላይ ተደናቅፈዋል፤ ደግነቱ አልተጎዱም።

በመጨረሻ በከተማም በውጭ አገርም ላሉ አጥቢያዎች የምናቀርበው ልመና አለን። ያገለገሉ መነጽሮችን በካርቶን ሰብስባችሁ ለመላክ የምታደርጉትን ትጋት እናከብራለን። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ያገለገለ መነጽር የተሠራው ለአንድ ሰው ዓይን ነው፤ የሁለቱ ዓይኖች ቍጥር የተለያየ ነው፤ ብዙውም የተጫረ ወይም የተሰበረ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ከተሰበሰቡት ያገለገሉ መነጽሮች መካከል ለሥራ የሚውሉት 7 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቶአል። መለየቱ፣ ማጠቡ፣ መለካቱና ማጓጓዙ ሲታሰብ አዲስ ከመግዛት የሚበልጥ ወጪ አለው። ስለዚህ ለካርቶኑ ማጓጓዣ የምታወጡትን ገንዘብ ለአዲስ የንባብ መነጽር መግዣ ብታደርጉት ከእያንዳንዱ ብር ብዙ ሰው ይጠቀማል። ለአንድ የትምህርት ክፍል ከ1 እስከ 3 ባሉት ቍጥሮች የተሞላ አንዲት ትንሽ ሣጥን ትበቃለች።

እኒያ እናት የደረሳቸው ባለ 2 ቍጥር ነው። በመጀመሪያው ቀን መነጽሩን አድርገው ያዩት መጽሐፉን አልነበረም፤ የገዛ እጃቸውን ነበር፤ ገልበጥ እያደረጉ ብዙ ተመለከቱት። ከዚያም «ይህን ያህል ተሰነጣጥቆአል እንዴ?» አሉ። አሁን በክፍሉ ውስጥ ከፊት ሳይሆን ከኋላ ይቀመጣሉ፤ ሰሌዳውን ለማየት ቅርብ መሆን አያስፈልጋቸውምና። ከመዝገባችን ላይ ያንን መስመር ሠርዘን በምትኩ የመነጽራቸውን ቍጥር ጽፈንበታል። አዲስ ተማሪ ስንመዘግብም ከስምና ከዕድሜ ቀጥሎ የቅርብ ማየት የተፈተነበትን ቀን የምንጽፍበት አንድ ዓምድ ጨምረናል፤ ቅጹን ለሌሎች ፕሮጀክቶችም ልከናል።